ዓይን ሲቀላ፦ የዓይን መቆጣት መንስኤዎች፣ ምልክቶችና ሕክምና



አላህ (ሱ.ወ) ለሰው ልጅ ከለገሳቸው ጸጋዎች መካከል ዓይን አንዱና ትልቁ ነው። ቁርኣን በበርካታ ቦታዎች ላይ መስሚያና ማያ የተሰጠን አመስጋኞች እንድንሆን መሆኑን ያስታውሰናል። ምስጋና ደግሞ “አልሐምዱሊላህ” ከማለት ባሻገር የተሰጠንን ጸጋ መንከባከብንም ይጨምራል። በዚህ እትማችን ከማንኛችንም ቤት ስለማይጠፋ፣ ብዙ ጊዜም “ይለቀዋል” ተብሎ ስለሚታለፍ አንድ የዓይን ሕመም እንነጋገራለን። አብዛኛው እውነትም በራሱ ይለቃል። የተወሰነው ግን ካልታከመ ዓይንን ሊያሳጣ ይችላል። የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ፣ በተለይም ለእናቶች እጅግ አስፈላጊ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ነጩን የዓይናችንን ክፍልና የዓይን ቆባችንን የውስጥ ገጽ የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ። በዚህ ሽፋን ውስጥ በተለምዶ ጎልተው የማይታዩ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገኛሉ። ሽፋኑ በተህዋስያን ሲጠቃ ወይም አንዳች ነገር ሲያስቆጣው የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ነጩ የዓይን ክፍልም ሮዝ ወይም ቀይ ሆኖ ይታያል። ዓይን ያነባል፣ ይቆረቁራል፣ አይናር ያወጣል። ይህ የስስ ሽፋኑ መቆጣት በሕክምናው ቋንቋ ኮንጃንክቲቫይቲስ ይባላል።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። ዐረቦች ከጥንት ጀምሮ የዓይንን መቆጣት “ረመድ” ብለው ይጠሩታል። በኸይበር ዘመቻ ወቅት ዐሊይ (ረ.ዐ) ዓይናቸውን ታመው እንደነበርና ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በምራቃቸው አብሰውና ዱዓ አድርገውላቸው ወዲያው እንደዳኑ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባዎች ተላልፏል። ይህ አላህ ለመልእክተኛው የሰጠው ተአምር ነው። ለእኛ ለተራው ሰው ግን የሰው ምራቅ ብዙ ተህዋስያንን የያዘ ስለሆነ በታመመ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው መድኃኒት እንድንፈልግ አዘውናል፤ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም አስተምረውናል።

መንስኤዎቹ

የዓይን መቆጣት በአራት ዋና ዋና ምክንያቶች ይከሰታል።

1. ቫይረስ። በአዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው ይህኛው ነው። ዋነኛው አምጪ አዴኖቫይረስ የሚባለው ሲሆን ጉንፋን ከሚያስይዙት ቫይረሶች አንዱ ነው። ስለዚህም ዓይናቸው የቀላ ብዙ ሰዎች ቀደም ብሎ ጉሮሯቸውን ይከረክራቸዋል ወይም አፍንጫቸው ያፈሳል። ቫይረሱ በእጅ፣ በፎጣ፣ በበር እጀታና በስልክ ላይ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል በቀላሉ ይዛመታል።

2. ባክቴሪያ። በሕፃናት ላይ በብዛት ይታያል። ከአፍንጫ፣ ከቆዳና ካልታጠበ እጅ ወደ ዓይን ይገባል። በባክቴሪያ ከሚመጡት መካከል ሁለቱ፣ ማለትም አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን የሚይዘውና ትራኮማ፣ እጅግ አደገኛ ስለሆኑ ከዚህ በታች ለየብቻ እንመለከታቸዋለን።

3. አለርጂ። የአበባ ብናኝ፣ አቧራ፣ የእንስሳት ፀጉር፣ የቤት ውስጥ ምንጣፍ ብናኝና አንዳንድ መዋቢያዎች ዓይንን ያስቆጣሉ። ይህ ዓይነቱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

4. ጭስና ኬሚካል። የማገዶ ጭስ፣ ቤት ዘግቶ የሚጨስ ዕጣንና ቡኹር፣ በርበሬ፣ በረኪና፣ ሲሚንቶና ኖራ በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ኖራ፣ በረኪና ወይም ሌላ ኬሚካል ዓይን ውስጥ ሲገባ መጠበቅ አይገባም። ወዲያውኑ ዓይንን ከፍቶ በንጹሕ ውሃ ለ15 እና 20 ደቂቃ፣ ቢቻል ከዚያም በላይ ያለማቋረጥ ማጠብ፣ ከዚያም ወደ ሕክምና መሮጥ ያስፈልጋል። “መጀመሪያ ሐኪም ይየው” ብሎ ሳያጥቡ መሄድ ዓይንን ሊያሳጣ ይችላል።

በወረርሽኝ መልክ ሲመጣ

አንዳንድ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓይኑ ሲቀላ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ1969 በጋና አንድ ዓይነት የዓይን ሕመም በድንገት ተቀሰቀሰ። ወቅቱ አፖሎ የተባለችው መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ያረፈችበት ጊዜ ስለነበር ሕዝቡ በሽታውን “አፖሎ” ብሎ ጠራው፤ ስሙም በበርካታ አገሮች ቀረ። በዚህ ዓይነቱ ሕመም ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ደም የቋጠረ የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ይታያል። ተህዋሱ ከገባ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ምልክቱ ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜም በሳምንት ውስጥ ይሻላል። መልኩ ቢያስደነግጥም አብዛኛውን ሰው ያለ ጉዳት ይለቃል።

በቅርብ ዓመታትም እ.ኤ.አ. በ2023 በፓኪስታን የፑንጃብ ክፍለ ሀገር የዓይን መቅላት ወረርሽኝ በመስፋፋቱ ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ቀናት ተዘግተው ነበር። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በታንዛንያና በኬንያ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ተመሳሳይ ወረርሽኝ ታይቷል። በሽታው ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበትና ውሃ በማይበቃበት ቦታ ሁሉ ይፈጥናል። የመስጂድና የመድረሳ ኃላፊዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ምልክቶቹን እንዴት እንለያቸዋለን?

በቫይረስ ሲሆን፦ ዓይን ይቀላል፣ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ያነባል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይን ጀምሮ ከቀናት በኋላ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ከጆሮ ፊት ለፊት ያለው እጢ ሊያብጥና ሲነካ ሊያም ይችላል።

በባክቴሪያ ሲሆን፦ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ አይናር ይወጣል። ሌሊት ሽፋሽፍቱን ስለሚያጣብቀው ጧት ዓይንን መክፈት ያስቸግራል። ከተጠረገ በኋላም አይናሩ ቶሎ ይመለሳል።

በአለርጂ ሲሆን፦ ዋነኛው ምልክት ማሳከክ ነው። ሁለቱም ዓይኖች በአንድ ጊዜ ይቀላሉ፣ የዓይን ቆብ ያብጣል፣ ማስነጠስም ሊኖር ይችላል። በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት የሚመላለስ ከሆነ ጥርጣሬያችን ወደዚህ ያዘነብላል።

አንድ ተጨማሪ ነገር እናቶች እንዲያስተውሉ እንፈልጋለን። ልጃችሁ ዓይኑ ቀልቶ ሲያነባ አብሮ ትኩሳት፣ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ካለው፣ ከቀናት በኋላም ከፊት ጀምሮ ወደ ሰውነት የሚወርድ ሽፍታ ከወጣበት ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። ኩፍኝ የልጅን ዓይን በጽኑ ስለሚጎዳ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። የኩፍኝ ክትባትን በ9 ወርና በ15 ወር ማስከተብ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ መከላከያ ነው።

እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ

የሚከተሉት ምልክቶች ተራ የዓይን መቆጣት እንዳልሆነ የሚጠቁሙ ናቸው። በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

- ከመቆርቆር ያለፈ ጠንካራ የዓይን ሕመም፤
- የማየት ችሎታ መቀነስ፣ አይናር ከተጠረገ በኋላም ብዥ ማለት፤
- ብርሃንን ፈጽሞ መቋቋም አለመቻል፤
- በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ ወይም ጉም የመሰለ ነገር መታየት፤
- ከዓይን መቅላት ጋር ከባድ ራስ ምታትና ማስመለስ፤
- እሾህ፣ ገለባ፣ የብረት ፍንጣሪ ወይም ኬሚካል ዓይን ከነካ በኋላ የመጣ መቅላት፤
- የዓይን ሌንስ በሚያደርግ ሰው ላይ የታየ መቅላት፤
- ገና የአንድ ወር ዕድሜ ያልሞላው ሕፃን ዓይን አይናር ማውጣት፤
- ከሳምንት በላይ ሳይሻል የቆየ ማንኛውም ዓይነት መቅላት።

አዲስ የተወለዱ ሕፃናት

ሕፃን ሲወለድ በእናቱ የመውለጃ አካል ውስጥ ያሉ ተህዋስያን ወደ ዓይኑ ሊገቡ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ዋነኞቹ የጨብጥና የክላሚዲያ ባክቴሪያዎች ናቸው። እናትየው ምንም የሕመም ስሜት ሳይኖራት ተሸክማቸው ልትኖር ትችላለች። የጨብጡ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን፣ ክላሚዲያ ደግሞ ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ምልክት ያሳያል። የዓይን ቆብ ያብጣል፣ ብዙ መግል ይወጣል። በጨብጥ የመጣው በአጭር ጊዜ ውስጥ ጥቁሩን የዓይን ክፍል ሊበሳና ሕፃኑን ዕድሜ ልኩን ማየት የተሳነው ሊያደርገው ይችላል።

ይህን ለመከላከል በጤና ተቋም የሚወለድ ሕፃን ወዲያው እንደተወለደ ሁለቱም ዓይኖቹ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይደረግላቸዋል። ዋጋው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ከፍተኛ ነው። በቤት ውስጥ የተወለደ ሕፃን ይህ ያመልጠዋል። ስለዚህ እቤት የወለደች እናት ልጇን በተቻለ ፍጥነት ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ብታደርስ መልካም ነው። በሽታው ከተገኘ ሕፃኑ ብቻ ሳይሆን እናትና አባትም አብረው መታከም አለባቸው። ይህ ነውር ወይም መወነጃጀያ ሊሆን አይገባም፤ የልጅን ዓይን የማዳን ጉዳይ ነው።

በብዙ አካባቢዎች ሕፃን ዓይኑን ሲያመው የእናት ጡት ወተት ይጠባለታል። የእናት ወተት ለሕፃኑ ከሁሉ የላቀ ምግብ ነው። መግል የሚያወጣን ዓይን ግን አያድንም፤ ይልቁንም ለሕክምና የሚያስፈልገውን ውድ ጊዜ ያሳልፋል።

ትራኮማ (የዓይን ማዝ)

በአገራችን ስለ ዓይን መቆጣት ተነጋግሮ ትራኮማን መዝለል አይቻልም። አምጪው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ካልታጠበ የልጅ ፊት ወደ ሌላው ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ብቻ መያዝ ብዙ አይጎዳም። ልጁ በተደጋጋሚ እየተያዘ ሲያድግ ግን የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ገጽ ይጠባሳል። ጠባሳው ዓመታት ቆይቶ የዓይን ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ሽፋሽፍቱም በእያንዳንዱ ርግብግብታ ጥቁሩን የዓይን ክፍል ይፍቀዋል። መጨረሻው ዕውርነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች መካከል 40 ከመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ሰፊ ዘመቻ በብዙ ወረዳዎች ቁጥሩ ቀንሷል። ቢሆንም ኢትዮጵያ አሁንም በዓለም ላይ ከፍተኛው የትራኮማ ጫና ያለባት አገር ናት። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ከልጆች ጋር የሚውሉት፣ የልጅ ፊት በነጠላቸው ጠርዝ የሚጠርጉት እነርሱ ናቸው።

የዓለም የጤና ድርጅት ለትራኮማ አራት እርምጃዎችን ያዛል፦ የተቀለበሰ የዓይን ቆብን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለኅብረተሰቡ ማደል፣ ፊትን ማጠብ፣ እንዲሁም ውሃና መጸዳጃ ቤትን ማሟላት። ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ላይ ስለሚራባ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ የዓይን ጉዳይም ነው። በዚህ መንገድ ኦማን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018 ትራኮማን የኅብረተሰብ የጤና ችግር ከመሆን ማስወገዳቸው ተረጋግጧል። ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው።

ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰ እናቶችና አያቶች በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። መንቀል ለጊዜው ያስታግሳል፤ ፀጉሩ ግን ጠንክሮ ተመልሶ ይወጋል። ቀዶ ሕክምናው አጭር ሲሆን በሰለጠኑ ባለሙያዎች በጤና ጣቢያ ጭምር ይሰጣል። በቤታችሁ ዓይኗን የሚወጋት እናት ካለች ዛሬውኑ ይዛችኋት ሂዱ። ይህ ከወላጅ ሐቅ ውስጥ ነው።

ሕክምናው

ለቫይረስ፦ ቫይረሱን የሚገድል ልዩ ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃል። የጸረ ባክቴሪያ ጠብታ በዚህ ላይ ምንም አይሠራም። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተከደነ ዓይን ላይ ማድረግ ስሜቱን ያቀልለዋል። አይናሩን ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ መጥረግ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጥጥ መጠቀም፣ የተጠቀሙበትንም መጣል ያስፈልጋል።

ለባክቴሪያ፦ ሐኪሙ እንደ ክሎራምፌኒኮል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ጠብታ፣ ወይም የቴትራሳይክሊን ቅባት ሊያዝ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ዓይኑ ነጻ እስኪመስል ብቻ ሳይሆን የታዘዘው ቀን እስኪያልቅ መውሰድ ይገባል።

ለአለርጂ፦ ከሚያስቆጣው ነገር መራቅ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ እንዲሁም ሐኪም የሚያዘው የጸረ አለርጂ ጠብታ ይረዳል። ዓይንን ማሸት ግን ሕመሙን ያባብሰዋል።

እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ ልናስጠነቅቅ የምንፈልገው አንድ ጉዳይ አለ። ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎንና የመሳሰሉት ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች የቀላን ዓይን በአንድ ቀን ነጭ ያደርጋሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው “ያቺን ጠብታ ስጠኝ” እያለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። በተለይ ዓይናቸውን ዓመት እስከ ዓመት የሚያሳክካቸው ልጆች፣ አብዛኛዎቹም ወንዶች፣ ይህን ጠብታ ለወራት ሲያደርጉ ይታያሉ። ስቴሮይድ ያለ ክትትል ሲወሰድ የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ግላኮማ ያመጣል። ግላኮማ የጠፋን እይታ አይመልስም። የዓይን ሞራንም ያስከትላል። መቅላቱ በሄርፒስ ቫይረስ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቁስሉን አስፍቶ ጥቁሩን የዓይን ክፍል ያበላሻል። ስለዚህ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ የዓይን ሐኪም ሳያየው፣ ሐኪሙ ከወሰነው ጊዜ በላይም አትጠቀሙ። ለጎረቤት የታዘዘ ጠብታም ለእናንተ አይሆንም።

ጠብታ ስንጠቀም

እጅን በሳሙና መታጠብ፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ አንድ ጠብታ ብቻ መጨመር፤ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንንም ሆነ ሽፋሽፍትን እንዳይነካ መጠንቀቅ፤ ከዚያም ዓይንን ከድኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ቀስ ብሎ መጫን። ይህ መጫን ጠብታው ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይረዳል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይገባል። ብዙዎቹ ጠብታዎች ከተከፈቱ ከ4 ሳምንት በኋላ መጣል አለባቸው። አንድን ጠርሙስ ለቤተሰብ በሙሉ ማዳረስ በሽታውን ማዳረስ ነው።

ስለ ኩል፣ ስለ ማርና ስለ ባህላዊ መድኃኒቶች

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢስሚድ የተባለውን ኩል መኳልን ያወደሱ በመሆኑ ኩል በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ የተወደደ ነገር ነው። ችግሩ ዛሬ በገበያ “ኩል” እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ኢስሚድ አለመሆኑ ነው። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች አንዳንዶቹ የኩል ዓይነቶች እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት በከፍተኛ መጠን ይዘው ተገኝተዋል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ኩል ለሕፃን ባይደረግ ይመረጣል። አዋቂዎችም አንዱን የኩል እንጨት ለእህት፣ ለጓደኛና ለሙሽራ ማዘዋወሩን ይተዉ። ዓይን በታመመ ጊዜ ደግሞ ኩሉን ማቆም፣ ከሕመሙ በፊት የተጠቀሙበትንም መተካት ያስፈልጋል።

ማር ፈውስ እንዳለው በቁርኣን ተነግሮናል፤ ዘምዘምም የተባረከ ውሃ ነው። ማሩን እንበላለን፣ ዘምዘሙን ዱዓ እያደረግን እንጠጣለን። ነገር ግን ከማሰሮ የተቀዳ ማር ወይም ለወራት ተከፍቶ በጀሪካን የቆየ ውሃ ከተህዋስያን የጸዳ ስላልሆነ በታመመ ዓይን ውስጥ አይጨመርም። የዳማከሴ ጭማቂ፣ ቅቤና ሌሎች ተክሎችም እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ ምክንያት ቀላሉ ሕመም ወደ ቁስል ተለውጦ ሰዎች ዓይናቸውን ያጣሉ።

ዉዱእ፣ መስጂድና ጾም

ዉዱእ በቀን አምስት ጊዜ እጅንና ፊትን የሚያስታጥብ ታላቅ የንጽሕና በር ነው። ፊቱን አዘውትሮ የሚታጠብ ልጅ ከትራኮማ ይርቃል። ነገር ግን ከዉዱእ በኋላ ሁሉም ሰው በመስጂዱ በር ላይ በተሰቀለ አንድ ፎጣ ፊቱን ካበሰ፣ የታጠበው ንጽሕና በፎጣው ይጠፋል። የመስጂድ ኮሚቴዎች የጋራ ፎጣን እንዲያስቀሩ፣ በዉዱእ ቦታም ሳሙና እንዲያስቀምጡ እንመክራለን። እያንዳንዳችን የግላችንን ትንሽ ፎጣ ብንይዝ ወይም ፊታችንን በራሱ እንዲደርቅ ብንተወው ይበቃል።

ዓይኑን የታመመ ሰው ዉዱእ ሲያደርግ በዓይኑ ውስጥ ውሃ ማስገባት አይጠበቅበትም። አብዛኞቹ ዑለማዎች የፊትን ውጫዊ ክፍል ማጠብ በቂ እንደሆነ ይናገራሉ። ሐኪም ፊትህን ውሃ አታስነካ ያለው፣ ለምሳሌ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው፣ ስለ ተየሙምና ስለ ማበስ በአካባቢው ያለን ዓሊም ይጠይቅ።

ዓይኑ እያነባና አይናር እያወጣ ያለ ሰው እስኪሻለው ድረስ በቤቱ ቢሰግድ ሌሎችን ከጉዳት ይጠብቃል። ለበሽተኛ ሸሪዓ ሰፊ በር ከፍቷል። መውጣት ግድ ከሆነበት የራሱን መስገጃ ይዞ ይሂድ፤ ሰላምታውንም እጅ ሳይጨብጥ በቃሉ ያድርስ። ወንድሞቹም “ኮራብን” አይበሉት፤ ለእነርሱ አስቦ ነው። በመድረሳም አንድ ሉሕ የሚጋሩ ልጆች መካከል ዓይኑ የቀላ ካለ ኡስታዙ ለጥቂት ቀናት ወደ ቤቱ ቢሸኘው ይመረጣል።

በረመዳን ብዙ ሰው ጾሜን ያበላሽብኛል በሚል ፍርሃት የታዘዘለትን ጠብታ ያቋርጣል። የዓይን ጠብታ ጾምን ስለ ማፍረስ አለማፍረሱ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት አለ። በሐነፊና በሻፊዒይ መዝሀብ ጾምን አያፈርስም። ዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው ጉባኤ የዓይን ጠብታ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጡት ድረስ ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ልቡ ያልረጋ ሰው ደግሞ ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላና በሱሑር ማመቻቸት ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ማቋረጥ ግን መፍትሔ አይደለም፤ በተለይ የግላኮማ ጠብታ የሚወስድ ሰው በወር ውስጥ እይታውን ሊጎዳ ይችላል።

በቤት ውስጥ መከላከያው

- እጅን በሳሙና ቶሎ ቶሎ መታጠብ፣ ዓይንን በእጅ አለማሸት፤
- ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የተለየ ፎጣ፣ ለታመመው ደግሞ የተለየ ትራስ መመደብ፤
- የታመመውን ሰው ፎጣና የትራስ ልብስ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ፤
- የልጆችን ፊት ጧትና ማታ ማጠብ፣ በነጠላ፣ በሽርጥ ወይም በሒጃብ ጫፍ አለመጥረግ፤
- የዉዱእ ኢብሪቅ፣ የስልክና የበር እጀታን ማጽዳት፤
- የማብሰያ ቤት ጭስ መውጫ እንዲኖረው ማድረግ፤
- የዓይን ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ዓይናቸው እስኪድን ሌንሱን ማውለቅ።

አመጋገብን በተመለከተ

የዓይንን ስስ ሽፋን ጤናማ አድርጎ የሚጠብቀው ዋነኛው ንጥረ ነገር ቫይታሚን ኤ ነው። እጥረቱ በመጀመሪያ ልጁን በማታ እንዳያይ ያደርገዋል፤ ከዚያም ዓይኑ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ይቆስላል። በጉበት፣ በእንቁላል አስኳልና በወተት፣ እንዲሁም በካሮት፣ በዱባ፣ በማንጎ፣ በፓፓያና በጎመን ውስጥ በብዛት ይገኛል። ጎመኑና ካሮቱ በትንሽ ዘይት ሲሠራ ሰውነት ቫይታሚኑን በተሻለ ይቀበለዋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በየ6 ወሩ በጤና ተቋማት የሚታደለውን የቫይታሚን ኤ እንክብል ሊወስዱ ይገባል። ኩፍኝ የያዘው ልጅም በሐኪም መመሪያ ይህን ቫይታሚን ይሰጠዋል።

ውድ አንባቢያን፣ በእስልምና ራስንም ሆነ ሌላን መጉዳት የተከለከለ ነው። የታመመ ዓይንን ለሐኪም ማሳየት፣ ፎጣን መለየት፣ ልጅን ፊቱን ማጠብ ቀላል ይመስላሉ። የአንዲትን እናት ወይም የአንድን ሕፃን ዓይን ግን ከዕውርነት ያተርፋሉ። አላህ (ሱ.ወ) የሰጠንን የዓይን ብርሃን ይጠብቅልን፤ የታመሙትንም አፊያ ያድርግልን። አሚን!